የሊቀመንበሩ ብርድ

ሙሉዬ የአየር ማቀዝቀዣውን ቁልፍ ጠምዝዛ አሥር ቁጥር ላይ አደረሰችውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ማሽኑን ራሷ የሠራችው ይመስል።

«አሁን እዪ» አለች። «ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሹራብ ትለምኚኛለሽ።»

ሎሚ ሹራብ አልለመነችም። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ንፋሱ አንገቷ ሥር ሲገባ ዐይኗን ጨፈነች። ወሩ ግንቦት ነው። የናዝሬትን ግንቦት ቆርቆሮ ጣራ ሥር ውሎ ያላየው ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እነሎሚ የሚኖሩባት ሰርቪስ ቤት ደግሞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ እንኳን ሊያጠኑባት ሊተነፍሱባትም አትመችም። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ትልቁ ቤት ትመጣለች። ለሙሉዬ ሂሳብ ታስረዳታለች፣ ሙሉዬ ደግሞ ብርድ ታካፍላታለች።

ትልቁ ቤት የአንድ ነጋዴ ነበር። ተወረሰና ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ገሠሠ፣ ለሙሉዬ አባት ተሰጠ። ማቀዝቀዣውም ከሌላ የተወረሰ ቪላ መስኮት ላይ ተነቅሎ ነው የመጣው። ጓድ ገሠሠ በገዛ ገንዘቡ የገዛው ትልቁ ነገር የካኪ ልብሱ ነው። ከነጋዴው ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ ሎሚ ከአባቷ ከደገፋ ጋር፣ በሌላው እማማ በላይነሽ ብቻቸውን ይኖራሉ። የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ቫልቮላውም አንድ። እሱ ከተቃጠለ ሁሉም ቤት መብራት ያጣል።

ማሽኑ እንዲያ እያጓራ የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መስኮቱም እንደዚሁ። ረስተውት አይደለም። አምና ጓድ ገሠሠ በየግቢው እየዞረ፣ በቀን በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ስብሰባ ይዟል ወይ ወረቀት ደብቋል ብሎ አስጠንቅቋል። ከዚያ ወዲህ በቀበሌው ውስጥ በር የሚዘጋው ሲመሽ ነው። የገዛ ትእዛዙን በገዛ በሩ ላይ መሻር አቅቶት፣ ሊቀመንበሩ ግንቦት ከገባ ጀምሮ መንገዱን ያቀዘቅዛል። አህዮች ሳይቀሩ በዚያ በር ሲያልፉ ይዘገያሉ።

ሙሉዬ የዩኒፎርም ቀሚሷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ካውያውን ሰካች።

«ማሽኑ እየሠራ?» አለች ሎሚ።

«ፋራ አትሁኚ። እንደናንተ ቤት ሬዲዮ መሰለሽ?»

ካውያው ገና ሞቅ ከማለቱ ከቆጣሪው ሳጥን ጠሽ የሚል ድምፅ መጣ። ማሽኑ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ቆመ። ሙሉዬ ካውያውን ነቅላ ሶፋው ሥር የከተተችበት ፍጥነት፣ ለሂሳቡ ቢሆን ኖሮ ከክፍሉ አንደኛ ትወጣ ነበር። ወዲያው አባቷ ላቡን እየጠረገ ከጓዳ ወጣ።

«ማነው ያጠፋው?»

«የደገፋ የብየዳ ብረት ነው፣ አባዬ። ሲሰካው በመስኮት አይቼዋለሁ።»

ጓድ ገሠሠ ወደ ሎሚ ዞረ። «አንቺስ አይተሻል?»

የሎሚ አባት የሰው ሬዲዮ እየጠገነ ነው የሚተዳደረው። ያን ቀን ደግሞ ሐሙስ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ገበያ ውሏል፤ ቤቱ ቁልፍ ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች። በዚያ ላይ ይህን ከተናገረች ነገ ከሰዓት የት እንደምትቀመጥም ታውቃለች።

«ደብተሬን እያየሁ ነበር» አለች።

እንዲህ ያለው መልስ ውሸት አይባልም፤ እውነትም አይባልም። ፈሪ ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

በማግስቱ ቫልቮላው ተቀየረ፤ ትእዛዝም መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ የሚሄደው የመብራት ሽቦ ይቆረጣል። ደገፋ የተፈታታውን ሬዲዮ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ሐሙስ እኮ ገበያ ነበርኩ» አለ ለራሱ የሚናገር ይመስል። ቀጥሎ የልጁን ፊት አየና ድምፁን አለሳለሰ። «ግድ የለም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ብረቱን በከሰል አግለዋለሁ።»

በከሰል እንደማይሆን ሎሚ ታውቃለች። እነዚያን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች በከሰል የጋለ ብረት ያነዳቸዋል። የአንድ ሰው ሬዲዮ አንዴ ከነደደ ሁለተኛ የሚያመጣ የለም።

እማማ በላይነሽ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። ወንጂ፣ በስኳር ፋብሪካው የፈረንጅ ሰፈር፣ አሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት አገልግለዋል። የሚፈሩት ሰው የለም፤ የሚያከብሩትም ጥቂት ነው።

«ሊቀመንበሩ ማሽኑን አሥር ላይ ጠምዝዞት» አሉ ለሎሚ፣ ከምስሩ ቀና ሳይሉ። «አሥር ማለት ቶሎ አብርድ ማለት መስሎታል። አሥር ማለት እስክትሞት ሥራ ማለት ነው። የኔ እመቤት ከአምስት አታሳልፈውም ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ መጋረጃ ታስጋርደኛለች፣ በር ታስዘጋኛለች። ፊቱ ላይ ያለውን ስፖንጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥበው እኔ ነኝ። ክፍሉ ሲበርድለት ማሽኑ ራሱ ዝም ይላል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይነሣል። የዚህን ሰውዬ ማሽን አንድ ቀን ዝም ሲል ሰምተሽዋል?»

ሎሚ አሰበች። «አልሰማሁም።»

«ሳያርፍ ከዋለ ቫልቮላው ይግላል። የጋለ ነገር ደግሞ ሰበብ ነው የሚፈልግ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

«እኔ? መሠረተ ትምህርት ላይ ‹ሀ›ን ከ‹ሁ› አትለይም ብሎ ሰው ላሳቀብኝ? በላቡ ይታጠብ።» ምስሩን አንገዋለሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺስ ሐሙስ ዕለት የት ነበርሽ?»

ሎሚ አቀረቀረች።

«ጥሩ አድርጎ በርዶሻል፣ እንግዲህ» አሉ እማማ በላይነሽ፤ ወደ ምስራቸውም ተመለሱ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዬሳ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፒንሳውን ከኪሱ አወጣ። ጓድ ገሠሠ ካኪውን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል፤ ግድብ የሚያስመርቅ ይመስላል። ደገፋ በራፉ ላይ ሆኖ ያያል። ደጅ ላይም አላፊ አግዳሚው ቆሟል።

«ጋሼ ገሠሠ» አለች ሎሚ።

«ጓድ» አላት።

«ጓድ ገሠሠ። ከመቆረጡ በፊት ማሽኑን እንዴት እንደሚይዙት ላሳይዎት?»

ሰውየው ሳቀ። «እኔ የአርባ አምስት ቀን የካድሬ ኮርስ ወስጃለሁ። ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ ልጅ።»

«ትሞክር፣ ጓድ» አለ ወዬሳ ከመሰላሉ ላይ። «እኔም ላቤን ላድርቅ።»

ሎሚ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ትልቁ ቤት ገባች፤ ጓድ ገሠሠና ወዬሳም ተከተሏት። የማሽኑን የፊት ክዳን አነሣችና ስፖንጁን ሳበችው። ስፖንጅ ነው ያለው ሰው ይማልበት እንጂ ያረጀ የአህያ ኮርቻ ነው የሚመስለው። ቧንቧው ሥር ይዛው ሄደች፤ ጭቃው ወርዶ ወርዶ አላልቅ አለ። ጨምቃ መለሰችው። መጋረጃውን ጋረደች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ቁልፉን ከአሥር ወደ አምስት መለሰች። ቀጥላ በሩን ይዛ ቆመች።

«ይሄ መዘጋት አለበት» አለች።

ደጅ የቆመው ሰው ወደ በሩ ተጠጋ። የጓድ ገሠሠ ጆሮ ቀላ።

«በቀን በር ስለመዝጋት የተሰጠውን መመሪያ አታውቂም?»

ሎሚ በሩን አልለቀቀችም። «አውቃለሁ። ግን ብርዱ ወጥቶ ያልቃል። እየበረደው ያለው መንገዱ ነው።»

ከደጅ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አድርጎ አወጣው።

«ዝጊው፣ ልጄ» አሉ እማማ በላይነሽ ከደጃፋቸው። «ስብሰባ ነው እንዳይባል ሊቀመንበሩ ራሱ ውስጥ አለ።»

ጓድ ገሠሠ ወደ ደጁ ሰው አየና «ለሙከራ ያህል» አለ። ሎሚ ዘጋችው። አባቷም ለሙከራው በቤቱ የብየዳ ብረቱን ሰካ። ሳሎን ውስጥ ሊቀመንበሩ ሶፋው ላይ፣ ሙሉዬ አጠገቡ፣ ወዬሳ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሎሚ እንደቆመች ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ጓድ ገሠሠ ሰዓቱን አምስት ጊዜ አየ። ስድስተኛውን ሊያይ ሲል ማሽኑ ጠቅ አለና ጩኸቱን አቆመ። መብራቱ አልጠፋም። ብርዱም የትም አልሄደም። ከመጣ ጀምሮ ሲያጓራ የኖረው ነገር ዝም ሲል፣ ግቢው ውስጥ የደገፋ ሬዲዮ ሲዘፍን ይሰማ ጀመር።

ወዬሳ ወጥቶ ቫልቮላውን ዳሰሰ። «ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ማፈርን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር። ጓድ ገሠሠ ግን ተነሣና ካኪውን አስተካከለ።

«ቢሆንም ሐሙስ ዕለት የብየዳ ብረት ተሰክቷል። ምስክር አለኝ። ወዬሳ፣ ቁረጠው።»

ምስክሯ ጥፍሯን እያየች ነው። ሎሚ ቀና እስክትል ጠበቀቻት፤ አላለችም።

«ሐሙስ የተሰካው ካውያ ነው» አለች ሎሚ። «እዚህ ክፍል ውስጥ። አባቴ ቤት አልነበረም። እኔ እዚያ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን አልተናገርኩም።»

«ለአንድ ደቂቃ እኮ ነው» አለች ሙሉዬ ሳታስበው። ካለች በኋላ አፏን ብትሸፍን ምን ዋጋ አለው።

ጓድ ገሠሠ ልጁን አየ፣ ወዬሳን አየ፣ ኮርኒሱን አየ። ኮርኒሱ ላይ መልስ አላገኘም።

«መሰላሉን አንሣ» አለ በመጨረሻ።

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ጥልቅ ጥናት ማካሄዱን ተናገረ። ለመብራት ቁጠባ ሲባል ማቀዝቀዣ ያለበት ቤት በሩን በቀን መዝጋት ተፈቅዶለታል። በቀበሌው ማቀዝቀዣ ያለው እሱ ብቻ ነው። አጨበጨቡለት፤ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ።

ሰኞ ከሰዓት ሎሚ የእንጨት ዱካ አውጥታ የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጠች። ጥላው ከሁለት ክንድ አይሰፋም። የትልቁ ቤት መስኮት በጠባቡ ተከፈተና ሙሉዬ ብቅ አለች።

«ነይ እንጂ። አባዬ ረስቶታል። ያቺ የመቶኛ ሂሳብ አልገባችኝም።»

ስለ ሐሙስ የተናገረችው ነገር የለም፤ ስለ ደገፋም የለም። ቀዝቃዛው አየር በመስኮቱ ወጥቶ የሎሚ ፊት ድረስ መጣ። መልካም ነበር፤ መልካም አይደለም ብትል ውሸቷን ነው።

«ከፈለግሽ እዚህ ነይ» አለች ሎሚ። «አስረዳሻለሁ።»

«እዚያ? ይሞቃል እኮ።»

«ይሞቃል።»

ሙሉዬ፣ ሎሚ የምትቀልድ መስሏት ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ የሎሚን እግር ያዘች። ሎሚ ተነሥታ ዱካውን ትንሽ ወደ ጥላው ሳበችና ደብተሯን ካቆመችበት ገለጠች።