ያልታረመው መስመር

ታላቁ የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፤ ከሰላሙ አስቀድሞ የሳል ወረርሽኝ ወደ ከተማዪቱ ገባ። ሱቆች በእኩለ ቀን ተቀረቀሩ፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎች አፋቸውን በጨርቅ ሸብበው በየደጁ ተመላለሱ። ማተሚያ ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ የሟቾችን ስም ዝርዝር የሚያትም እርሱ ነበርና።

የፊደል ለቃሚዎቹ አለቃ በቁመታቸውም በቃላቸውም ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የማተሚያው ፊደል የሚሠራበት የእርሳስ ብረት ትቢያ የሰው ዓይን ሲያጠፋ በወጣትነታቸው አይተው ስለ ነበር አንድ ሕግ አቁመው ነበር፤ ከሥራ ገበታው የተነሣ ሁሉ እጁንና ፊቱን ታጥቦ በበሩ አጠገብ በተሰቀለው ነጭ ፎጣ ያደርቃል። ፎጣው ከዘበኛ እስከ አለቃ አንድ ነው። «በዚህ ቤት ታላቅና ታናሽ የሚለየው በሥራው እንጂ በፎጣው አይደለም» ይሉ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኑ የጠፋ ሠራተኛ አልነበረም፤ አለቃውም ይህን እንደ ኒሻን ይኮሩበት ነበር።

አንድ ማለዳ፤ ልብሱና ጥፍሩ ሁልጊዜ በቀለም ስለሚነከር ጥቀርሻ የሚባለው የማተሚያ መኪናው ሠራተኛ፤ ዓይኑ ቀልቶና አብጦ መጣ።

«ምነው ጥቀርሻ፥ ሚስትህ አባረረችህ እንዴ?» አለው አንዱ ለቃሚ።

«እሷማ መልኬን አይታ ነው ያለቀሰችው፤ እኔ ላጅባት ብዬ ነው!» ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠበት። ለምሳ ሲነሡም ታጥቦ ፊቱን በፎጣው አበሰ።

ቀጥላ የታጠበችው የአለቃው ብቸኛ ልጅ፥ የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነበረች፤ ለቃሚ የሳተውን ፊደል በአንድ እይታ ስለምትለይ «ዓይናችን» ይሏት ነበር። ከእጅጌዋ መሐረብ ስታወጣ አባቷ አዩአት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መሐረቤ ነው፥ አባባ። የጥቀርሻ ዓይን ደስ አላለኝም።»

«መልሺው። የአለቃ ልጅ ተጸየፈችን እንዲሉ ነው የምትፈልጊው?»

«ያሉትን ይበሉ እንጂ…»

«መልሺው አልኩ!»

መለሰችው፤ በረጠበው ፎጣም ፊቷን አደረቀች።

ከሰዓት በኋላ የሐኪም ቤቱ ሹም የሆኑት ሐኪም የዕለቱን የሟቾች ዝርዝር ይዘው መጡ። ዓይናቸው ከጥቀርሻ ወደ ፎጣው ሄደ።

«በዚህ ስንት ሰው ይጠቀማል?»

«አሥራ አንድ፤ እኔን ጨምሮ።»

«ዛሬውኑ ያቃጥሉት፥ አለቃ። ልጅቷንም ከእነዚህ ሰዎች ይለዩአት።»

«ጌታዬ፥ እርስዎ የሚሉት በሽታ የሳንባ ነው፤ ይህ የዓይን ነው። ዓይን ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።»

«ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው የሚርሰው ለምን ይመስልዎታል? በመካከላቸው ቀጭን ቦይ አለ። ስንቱ በሽተኛዬ ሳል ሳይጀምረው ዓይኑ ቀልቶ ነበር መሰልዎ!»

አለቃው ዝርዝሩን ተቀብለው እጅ ነሡ፤ ሐኪሙ ሲወጡ ፎጣው በሚስማሩ ላይ ነበረ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ የመስኮቱን ብርሃን መቋቋም አቃታት። «ዓይኔ አሸዋ የተሞላ መሰለኝ» አለች፤ ትኩሳትም ሳልም ተከተለ። ጥቀርሻ በሳምንቱ አረፈ፤ ስሙን ፊደል በፊደል የለቀሙት አለቃው ራሳቸው ነበሩ። እርሳቸውን በሽታው ሳይነካቸው አለፈ፤ ይህም ከቅጣት የከፋ ሆነባቸው።

ልጅቱን ሞት ተዋት። በብሌኖቿ ላይ ግን ጉም የመሰለ ጠባሳ ቀረ። ወደ ጠረጴዛዋ በተመለሰች ዕለት ወረቀቱን አቅርባ አርቃ ካየችው በኋላ፤ «አባባ፥ ፊደሉ ሁሉ ጥላ አብቅሏል» አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፤ በጠራራ ፀሐይ፤ በመኪናው ጩኸት መካከል፤ «መልሺው አልኩ!» የሚል ድምፅ ለአለቃው ይሰማቸው ጀመር፤ ዘወር ሲሉ ማንም የለም፤ ድምፁም የራሳቸው ነበር።

በዓመቱ ፍጻሜ የማተሚያ ቤቱን ዘገባ አጠናቀሩ። እርሷ ማንበብ ስላልቻለች እያነበቡላት በጆሮዋ ታርም ነበር።

«…አራሚቱም በእርሳስ ትቢያ ምክንያት የዓይን ጉዳት ደረሰባት።» አለቃው ቀና አሉ። «እርማት አለው?»

ልጅቱ እጆቿን በጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«አንድ አለው።»

«ታዲያ ንገሪኝ እንጂ።»

«እሱን የሚያርመው አራሚ አይደለም፥ አባባ።»

አለቃው ብዕራቸውን አነሡ፤ ቀለም አጠቀሱ፤ ቀለሙ በጫፉ ላይ እስኪደርቅ ድረስም እንደ ያዙት ቆዩ። ከዚያም ወረቀቱን እንዳለ ወደ መኪናው ላኩት።

ያ ዘገባ ዛሬም በመዝገብ ቤት ይገኛል፤ ኅትመቱ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልተሳተችበትም። የታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዓመት ሙታን ቆጥረዋል፤ በሽታው በዓይን በርም ይገባ እንደ ነበር ግን አንድም መስመር አልጻፉም። ያችን አራሚ የሚያነሣ ቢገኝም እርሳሱን ይከሳል። እርሳስም አፍ የለውምና፤ ክሱን ተቀብሎ ይኖራል።