የለገ ሀርቡዋ ወፍ

«ወረቀት አይዋሽም!» አለ አስተርጓሚው ሣህሌ፣ የፈረንጁን ንግግር ወደ አማርኛ እየመለሰ። «ሰው ይዋሻል፤ ወረቀት ግን አይዋሽም ነው የሚሉት።»

ጂቱ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አባቷ በዳዳ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጋቢውን አገልድሞ ቆሟል። ይህ ሰው ለሚነድፈው ንብ እንኳ ክፉ ቃል አውጥቶ አያውቅም። ከየካ እስከ እንጦጦ ጫፍ «በዳዳ ካለ አለ ነው» ይባልለታል። እሱን ነው እንግዲህ፣ የበቅሎ ጫኝ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ውሸታም የሚሉት!

ጠቡን ያመጡት ሁለት ትንንሽ ወፎች ናቸው። ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ወፍ ሊሰበስብ ነው። ቆዳዋን ገፍፎ፣ ውስጧን በጥጥ ሞልቶ፣ ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ወደ አገሩ ይወስዳል። አገሬውም «ወፍ ገፋፊው» የሚል ስም አውጥቶለታል። መጀመሪያ ያልሳቀበት ሰው አልነበረም። ሥጋውን ጥሎ ላባውን የሚያስቀምጥ ማን አይቶ ያውቃል? ደግሞስ ተራራ ላይ ወጥቶ ውሃ ያፈላል፤ የፈላውን ውሃ በቀጭን ብርጭቆ ይለካና አንድ ነገር ይጽፋል፤ ከዚያ አንድ ጉንጭ ሳይቀምስ ይደፋዋል! ኋላ ሣህሌ ሲያስረዳ ነው ነገሩ የገባቸው። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ስለዚህ ሰውዬው በሚፈላው ውሃ የተራራውን ከፍታ ያውቃል። የት ቦታና ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደተገኘች ያልታወቀች ወፍ፣ ለእሱ ባዶ ላባ ናት። ጂቱ ይህን ስትሰማ «እሱስ እውነቱን ነው» ብላ ነበር። አባቷም ሁልጊዜ «ቤቱን የማታውቂውን እንስሳ አውቀዋለሁ አትበይ» ይላታል።

ታዲያ የፈረንጁ እግር አብጦ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንኳን ሲውል፣ ሥራው በዳዳ ላይ ወደቀ። በዳዳ ንብ አናቢ ነው። ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ ሁሉ ያውቃል፤ ከዛፉ ጋር ወፉንም ያውቃል። ጂቱም ወጥመድና ክር ይዛ አብራው ዞረች። አመሻሽ ላይ ወደ ድንኳኑ ሲደርሱ፣ በዳዳ ወፎቹን አንድ በአንድ እያነሣ የተያዙበትን ቦታ ይናገራል፤ ደብሪቱ ደግሞ በትንንሽ ወረቀት እየጻፈች እግራቸው ላይ ታስራለች።

ደብሪቱ የአለቃ ወልደ ሐዋርያት ልጅ ናት። አባቷ ተራራው ላይ በሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ሣህሌ የፈረንጁን ቋንቋ ቢችልም ፊደል አልቆጠረም፤ ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመቷ ደብሪቱ ጸሐፊ ሆነች። ከወንድሞቿ ሁሉ የእሷ የእጅ ጽሑፍ ያምራል። ለጂቱ ደግሞ ጓደኛዋ ናት። ጂቱ ከጫካው እንጆሪ ለቅማ ታመጣላታለች፤ ተቀምጠው ጣታቸው እስኪቀላ ይበላሉ፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ ያማሉ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ የተጋደሙት ሁለት ወፎች በመጠንም በመንቁርም እኩል ናቸው። የአንዷ ደረት ቢጫ ነው፤ የሌላዋ አመድማ። ፈረንጁ «ባልና ሚስት ናቸው፤ አንድ ወገን» አለ። በዳዳ «የለም፣ ሁለት ወገን ናቸው» አለ። ቢጫዋ ታች፣ ለገ ሀርቡ ከሚሉት ጅረት ዳር፣ ሾላ ላይ ነው የምትኖረው። አመድማዋ ላይ፣ ቱሉ ጋቲራ ከሚሉት ጉብታ፣ ጥዱ ውስጥ። ዕድሜ ልካቸውን ተገናኝተው አያውቁም፤ እንዴት አድርገው ይጋባሉ?

ፈረንጁ ያበጠ እግሩን እየጎተተ ትናንት ቀኑን ሙሉ ተራራው ጫፍ ላይ ቢጫዋን ሲፈልግ ዋለ። አንዲትም አላየ። ተናዶ ተመለሰና ወረቀቶቹን አስነበበ። ደብሪቱ አነበበች። የሁለቱም ወፎች ወረቀት «እንጦጦ» ይላል። ታዲያ በዳዳ አሁን ለገ ሀርቡ፣ ቱሉ ጋቲራ የሚለው ዋሽቶ ነው ተባለ።

«በዳዳ ራሱ ነው እንደዚህ ያለኝ» ብላ ጨመረች ደብሪቱ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«እኔ እንጦጦ አላልኩም» አለ በዳዳ። ሲደነግጥ አማርኛው ይሰባበርበታል። ከጫኞቹ አንዱ አነጋገሩን አስመስሎ ደገመው፤ ሌሎቹ ሳቁ። በዳዳ አንዴ ዞር ብሎ አያቸው፤ «ዋቃ ያውቃል» አለና ወጣ።

ጂቱ ግን ቶሎ አልወጣችም። የወፎቹን ወረቀት ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን አየች። ደሟ ፈላ።

አባቷ ወጥመዶቹን በትከሻው ይዞ ቁልቁለቱን ቀድሟት ወረደ። የካ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጂቱ አልቻለችም።

«አባ፣ ለምን ዝም አልክ? ለምን አልጮህክባቸውም?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።»

«ምን ያድራል! ከነገ ወዲያ እኮ ነው የሚሄዱት! እውነቱ ሳይጠራ ሳጥኑ በቅሎ ላይ ይጫናል።»

በዳዳ ቆመ። «እኔ ከእንግዲህ እዚያ ተራራ አልወጣም» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ማሬን ሲወስድ ቀምሶ አይደለም፤ በዳዳ ንጹሕ ነው ብሏል ብሎ ነው። ውሸታም ከተባልኩ የማን ማር ይወስዳል?» ከዚያ ወጥመዶቹን ከትከሻው አወረደና ቤት እስኪገቡ በእጁ እያንጠለጠለ ሄደ። ጂቱ አባቷ እንዲህ ጎብጦ ሲሄድ አይታ አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ብቻዋን ሽቅብ ወጣች። ደብሪቱን ያገኘቻት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ለግንባታው በተቆረጠ የጥድ ግንድ ላይ ተቀምጣ ነው።

«ጂቱዬ! እንጆሪ አመጣሽልኝ?»

«እንጆሪሽን ውሃ ይውሰደው! ወረቀቱ ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አነበብኩት እኮ...»

«ሁሉም ላይ አንድ ቃል ነው ያለው። ማንበብ ባልችል ዓይን የለኝም? ሠላሳውም አንድ ዓይነት ነው!»

ደብሪቱ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እንጦጦ ነው የሚለው። ታዲያ እንጦጦ አይደለም እንዴ? ከተማው እንጦጦ፣ ተራራው እንጦጦ። ከዚህ ቆመሽ የምታይው ሁሉ እንጦጦ ነው።»

«ለገ ሀርቡ እንጦጦ ነው? ከተማችሁ የመጣው ትናንት! ጅረታችን ስም ያልነበረው መሰለሽ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ!» ደብሪቱ ብድግ አለች። «አባትሽ ለጉድባው ሁሉ፣ ለጉብታው ሁሉ ስም አለው። በኦሮምኛ ይለኛል፤ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ይድገሙልኝ እንዳልል አፈርኩ። የአለቃ ልጅ መጻፍ አቃታት እንዲሉኝ ነው? የመጀመሪያውን ቀን እንጦጦ ብዬ ጻፍኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ከዚያ በኋላ...»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ትናንትናስ? እሱ ነው ያለኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ደብሪቱ ግንዱ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ» አለች። «አባቴ ተሳስተሽ ብትገኚ ብዕሩን ለወንድምሽ ነው የምሰጠው ብለውኛል። ብዕሩን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል? ጥጥ መፍተል ነው የሚቀረኝ።»

ጂቱን ደብሪቱ አሳዘነቻት። ይህን ለራሷ አልደበቀችም። ግን የአባቷ የጎበጠ ትከሻ ዓይኗ ላይ መጣባትና ንዴቷ እንደገና ገነፈለ።

«አንቺ ብዕርሽን እንዳትቀሚ፣ የእኔ አባት ስሙን ይቀማ?»

«ጂቱ፣ እባክሽ...»

«ነገ በቅሎዎቹ ሳይጫኑ እመጣለሁ። ቀድመሽ ብትናገሪ ደስ ይለኛል። ባትናገሪም እናገራለሁ» አለችና እንባዋ ሳይቀድማት ዞራ ሄደች።

በመሄጃው ቀን ጂቱ ስትደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ ነበር። ጫኞቹ ሳጥኖቹን በገመድ ሊያስሩ ነው። አለቃ ወልደ ሐዋርያት ሊሰናበቱ መጥተው በመቋሚያቸው ተደግፈዋል። ደብሪቱ የቀለም ቀንዷን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። ግን አፏን አልከፈተችም። ጂቱ ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ሄዳ እጇን ሳጥኑ ክዳን ላይ ጫነች።

«ሂጂ ወዲያ! ሰው ይቸኩላል» አላት ሣህሌ።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ብቻ ያስተርጉሙልኝ። ከወረቀቱ ሥር ያለውን ክር ይዩት ይበሏቸው።»

ሣህሌ እያጉረመረመ ተረጎመ። ፈረንጁ ፊቱን አጨማደደና አንዲት ቢጫ ወፍ አወጣ። ወረቀቱን ወደ ላይ ገለጥ ሲያደርግ እግሯ ላይ አንድ ቋጠሮ ያለበት ቀጭን ክር አየ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለች ጂቱ። «ወፎቹ ሲያዙ እዚያው ነው የማስረው፤ ስንመለስ አባቴ እንዳይምታታበት። ጅረቱ ዳር የተያዘች አንድ ቋጠሮ። የተራራው ወገብ ላይ የተያዘች ሁለት። ጫፉ ላይ የተያዘች ሦስት። ሁሉንም ይዩ!»

ፈረንጁ ሌላ ቢጫ አወጣ፤ አንድ ቋጠሮ። አመድማዋን አወጣ፤ ሦስት። ቁጢጥ ብሎ ሳጥኑን ይበረብር ጀመር። ቢጫዎቹ በሙሉ አንድ፣ አመድማዎቹ በሙሉ ሦስት። አንዲት እንኳ ከወገኗ የወጣች አልነበረችም። ጫኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው፤ በዳዳን አስመስሎ የሳቀውም አንገቱን አስግጎ አየ።

«ታዲያ ወረቀቱን እንዲህ ያደረገው ማን ነው? ይላሉ» አለ ሣህሌ።

ጂቱ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ወደ ደብሪቱ ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የተሰማው። «በዳዳ በትክክል ነግሮኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አለቃ ወልደ ሐዋርያት ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ብዕሩን ለመቀበል።

ፈረንጁ ግን የተቆጣ አይመስልም። ጭራሽ ሳቀ! ቢጫዋንና አመድማዋን ጎን ለጎን ይዞ ብዙ ተናገረ። ሣህሌ ተረጎመ። «ሁለት ወገን መሆናቸው በጣም አስደስቷቸዋል። ወረቀቱ እንዳለ ይሁን፤ እሳቸው ‹ላይ›፣ ‹ታች› ብለው ይጨምሩበታል። በካርታቸው ላይ ያለው እንጦጦ ብቻ ስለሆነ ለገ ምናምን ቢባል በአገራቸው የሚያውቀው የለም። ለአባትሽም ንገሪው፤ የትናንት ወዲያውን ነገር ረስተውታል።»

«ረስተውታል?» አለች ጂቱ። ይህ ነው የባሰባት። «የሰደቡት እሳቸው፣ የሚረሱትም እሳቸው? አባቴ እኮ አልረሳውም!»

ሄዳ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ ልጅ!» አላት ሣህሌ።

«አልነሣም። የቦታው ስም ይጻፋል። ነገ ሌላ ሰው ይህን ወረቀት አይቶ ይመጣል፤ ቢጫዋን እዚህ ጫፍ ላይ ፈልጎ ያጣታል። ያኔ ማንን ነው ውሸታም የሚለው? ወፏን ካወቁ አገሯንም ይወቁላት። በካርታቸው ላይ ከሌለ ይጨምሩት! ይህንንም ሳያስቀሩ ይንገሩልኝ።»

ሣህሌ አንዴ ፈረንጁን፣ አንዴ ጂቱን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተረጎመ፤ ሳያስቀር። ፈረንጁ ሳቁን ተወ። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፣ በቅሎዎቹን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን ቋጠሮ አየ። ቆይቶ ወደ ጫኞቹ እጁን አወዛወዘ፤ ገመዱን አስቀመጡት።

ደብሪቱ አሁንም ከአባቷ ከተዘረጋ እጅ ፊት ቆማለች። ብዕሩን ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች።

«አባቴ፣ እሰጥዎታለሁ» አለች። «ይህንን ልጨርስና እሰጥዎታለሁ።»

መልሳቸውን አልጠበቀችም። መጥታ ጂቱ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ የቀለም ቀንዱን አፈር ላይ ተከለች፤ የመጀመሪያዋን ወፍ ወረቀት በጀርባው ገለበጠች።

«ስሙን በይኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጂቱ ከሳጥኑ ላይ ወርዳ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው ያዘችላት።

«ለገ ሀርቡ።»

«አልያዝኩትም» አለች ደብሪቱ። «ድገሚልኝ። ቀስ ብለሽ።»