ጋት ከሁለት ጣት

በሰመርዳ መንግሥት እሳት ሁሉ የአንዲት እናት ልጅ ነበር። በንጉሡ ግቢ መካከል፣ ከጥቁር ድንጋይ በተሠራ ምድጃ ውስጥ፣ እናት ፍም የምትባል የማትጠፋ ፍም ትኖር ነበር፤ በድሃውም በጌታውም ቤት የሚነደው ከእሷ የተለኮሰ ነው። ስለዚህም አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነጫጭ ወፎች ከሰሜን መጥተው፣ አንዳች ድምፅ ሳያሰሙ በከተማዋ ላይ ባለፉ ጊዜ፣ በአገሩ ያለው እሳት በአንድ ትንፋሽ ጠፋ። የቀጥቃጩ ወናፍ አመድ አቦነነ። ባልጩትና ብረት ቢያፋጩ ብልጭታ አልወጣም።

ጠባቂዎቹ ወደ ምድጃው ሲሮጡ ያገኙት በድንጋዩ ላይ የቀረ የውርጭ ዱካ ብቻ ነበር። የነጭ ራስ ተራራው አውሬ፣ አመዳይ፣ ከነጫጭ ወፎቹ ጋር መጥቶ ሄዷል። የአመዳይ ጠጉሩ ውርጭ፣ ምግቡ ሙቀት ነው። ብርዱ ገና መግባቱ ነበርና ብዙም ሳይቆይ ሕፃናት መሳል ጀመሩ፤ ሽማግሌዎች ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

የአገሩ ሕግ ለዚህ ቀን የተቀመጠ ቃል ነበረው። ንጉሥ ዘምረድ በሸንጎ ቆመው ተናገሩት። «ፍም ብትሰረቅ ሦስት ሰዎች ይውጡ። አንዱ ይሸከማት፣ አንዱ ይመግባት፣ አንዱ ይጠብቃት። የሚሸከማት ሰው እጁ ውርጭን የሚያቀልጥ ይሁን።» ከዚያ ሕዝቡ በተራ እየመጣ መዳፉን በዱካው ላይ ያሳርፍ ጀመር። ጦረኛው መጣ፣ መኳንንቱ መጡ፣ ነጋዴው መጣ፤ ውርጩ እንዳለ ነው። የሰሌን ሠሪዋ የሙናት ልጅ አዜል እጇን ስታሳርፍ ግን ከጣቶቿ ሥር ውሃ ጠብ አለ።

ሙናት ከኋላዋ ቆማ ነበር። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ያለቻት ይህች ልጅ ብቻ ናት። ሆኖም ንጉሡ «የሚመግባትስ ማን ይሁን?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከማንም ቀድሞ የተሰማው የእሷ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«መንገዱን አላውቀውም። አልበላ ያለ ሕፃን መመገብ ግን አውቃለሁ፤ ፍምም ከዚያ አትብስም። ልጄ ከምትሄድበት አልቀርም።»

ለጥበቃ የንጉሡ ዘብ አለቃ ጎርፉ ተመረጠ። ጎርፉ ግዙፍ፣ ጢሙን የሚንከባከብ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው፤ በወገቡ ጎራዴ፣ በእጁ የአያቱን ጦር ይዟል።

ቀጥሎ የስለት ምርጫ ሆነ። በሰመርዳ ለዘመቻ የሚወጣ ሰው ስለቱን በአደባባይ ይመርጣል፤ ቀጥቃጩ የሠራውን ያቀርባል እንጂ ይህን ውሰድ ብሎ መምከር አይፈቀድለትም። የሰውም ክብር በስለቱ ርዝመት ይለካ ነበር። «ከክንድ ያጠረ ሽንኩርት ይክተፍ» ይባላል። ቀጥቃጩ አያ ሽብሩ በቆዳ ላይ አራት ስለት ዘረጋ፤ ክንድ የሚያህል ጎራዴ፣ ከስንዝር የሚበልጥ ገጀራ፣ ስለቷ ጋት ከሁለት ጣት የሆነች ቢላዋ፣ እና ጣት የማትሞላ ትንሽ ቢላዋ።

«ጎራዴውን ያዢ፣ ልጄ፤» አለች ሙናት በጆሮዋ። «አውሬው በራቀሽ ቁጥር ነው የሚሻለው።»

«አውሬውን አንዴ ብናገኘው ነው፣ እማዬ። እንጨት ግን ስንሰነጥቅ ነው የምንውለው።»

«እንጨት አንቺን አይበላሽም። የሚበላሽ አውሬው ነው።»

አዜል ወደ ቀጥቃጩ ዞራ፣ «ዝናብ የመታው ጉማጅ ግንድ አምጡልኝ፤» አለች።

ግንዱ መጣ። መጀመሪያ በጎራዴው መታችው፤ ቅርፊቱ ተፈናጠረ፣ ግንዱ ተንከባለለ፣ የወጣው ፍልጥ ግን ወፍራምና እርጥብ ነበር። ገጀራው ግንዱን ሰነጠቀው፤ ስንጥር ልትልጥበት ስትሞክር ግን አፉ እየከበደ አንጓዋን አሳመማት። ትንሿ ቢላዋ እንደ ጢም የቀጠነ ልጣጭ አወጣች፤ ነገር ግን ቅርፊቱን አልፋ ወደ ደረቁ ልብ መድረስ አልቻለችም። በመጨረሻ ጋት ከሁለት ጣቷን አነሣች። ስለቷን በግንዱ አናት ላይ አጋድማ ደንደሷን በዱላ መታች። ግንዱ ተከፈለ። ደግማ መታች፤ ዝናብ ያልነካው የውስጥ እንጨት ነጭ ሆኖ ወጣ። በዚያችው ስለት ደረቁን ላጠችው፤ ልጣጩ እየተጠቀለለ እንደ በግ ጠጉር እግሯ ሥር ተከመረ። እጇን ውሃ ነክራ ሞከረች፤ እጀታው አላዳለጣትም።

«ይህቺ ናት፤» አለች።

ሸንጎው አጉረመረመ። ጎርፉ ጢሙን እየጠመዘዘ፣ «እንግዲህ አመዳይ ሽንኩርት ከሆነ ተርፈናል፤» አለ። ሰዉ ሳቀ።

ንጉሡ ግን አልሳቁም። «ሸክሙ የእሷ ነው፤ ምርጫውም የእሷ ይሁን፤» አሉ። አዜል ቢላዋዋን በግንባሯ ትይዩ አንሥታ ማለች። «በጨለመው ምድጃ ሁሉ እምላለሁ። ፍሟን ሳልይዝ ወደ አገሬ አልመለስም።»

የሙናት ልብ ግን አላረፈም። ሰው ሳያይ ገጀራውን በሰሌን ጠቅልላ ከስንቋ ሥር ደበቀችው።

መንገዱ በዝግባ ደን ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ሙናት በየዳገቱ ታቃስት ጀመር።

«እትዬ ሙናት፣ ጀርባዎ ላይ በግ ደብቀዋል እንዴ?» አለ ጎርፉ።

«ስንቅ ነው፣ አለቃ።»

«ስንቁ ብረት ብረት ይሸታል።»

አዜል ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ቢላዋዋ ግን ሥራ ፈትታ አታውቅም። ገመድ ትቆርጣለች፣ የሚበላ ሥር ትልጣለች፣ ለተበጠሰ ጫማ ጠፍር ትበሳለች። ጎርፉ መጀመሪያ «ያቺን የሽንኩርት እመቤት አቀብይኝ» እያለ በፌዝ ይለምን ነበር፤ በኋላ ፌዙን ትቶ እጁን ብቻ ይዘረጋል። ጎራዴው እሾህ ከመመንጠር በቀር ከሰገባው አልወጣም። ሙናት ይህን ሁሉ ታያለች፤ ትከሻዋም በገጀራው ተልጦ ያቃጥላታል።

የደኑ ዳርቻ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዋልጣ የሚባል ዛፍ የማይበቅልበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ለመመለሻቸው የሚሆን እንጨት ከዚሁ ሰንጥቀው መሸከም አለባቸው። ሙናት ሸክሟን አውርዳ ገጀራውን አወጣችና እንጨቱን በመጣሉም በመቆራረጡም ረዳች። ሥራው ሲያልቅ አንድ ዝግባ ላይ ሰክታ ተወችው።

«በጉ ታረደ ማለት ነው፤» አለ ጎርፉ።

«ዝም በል አንተ፤» አለች፤ አንተ ማለቷን ልብ ያለችው ከተናገረች በኋላ ነው። እሱ ደስ ብሎት ሳቀ።

ሜዳውን ተሻግረው የነጭ ራስ ዋሻ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ አመዳይ በሚተኛበት ሰዓት ነበር። አውሬው በዋሻው ወለል ላይ እንደ በረዶ ክምር ተዘርግቶ ይተነፍሳል። ፍሟን ከጀርባው ባለ የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ከቶ በበረዶ አትሟታል። ጎርፉ ጎራዴውን ወደ ስንጥቁ ሰደደ፤ ጫፉ ገባ፣ ክንዱን ማንቀሳቀሻ ግን አልነበረውም፤ ብረቱ ዓለቱን እንዳይነካ ፈርቶ መልሶ ሳበው። አዜል በደረቷ ተሳበች። ሙናት የልጇን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ከውስጥ የሚሰማው የቢላዋ ጫፍ በረዶ ሲፈነቅል ብቻ ነበር፤ ጭር፣ ጭር ይላል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል።

አዜል ስትወጣ በመዳፏ ላይ እንደ ሮማን ፍሬ የቀላች አንዲት ፍም ነበረች።

«ይህች ብቻ ናት?» አለች ሙናት በሹክሹክታ። አገር ሙሉ የምታሞቀው እናት ፍም ከሕፃን ጡጫ ታንስ ነበር።

አመድ በተነጠፈበት ማሰሮ ውስጥ አኖሯትና ሸሹ። ነገር ግን ፍሟ ተርባ ነበር። ወፍራም እንጨት ሲሰጧት ታፍናለች፣ ትጠቁራለች፤ ቀጭን ልጣጭ ስታገኝ ብቻ ፊቷ ይበራል። አዜል በእጇ ሙቀት ማሰሮውን ታቅፋ ትሄዳለች፤ ሙናት ከጎኗ እየተራመደች ትልጣለች፣ ትመግባለች፣ እፍ ትላለች። በአደባባይ የናቀቻት ቢላዋ አሁን ከመዳፏ የበቀለች መሰለች፤ ሳታይ እንኳ ስለቷ የት እንዳለ ታውቃለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኋላቸው ነፋስ ተነሣ። አመዳይ ነቅቶ መጣ። ገና ሩቅ ሳለ የማሰሮው ጫፍ በውርጭ ነጣ፤ ፍሟም ከቀድሞው እጥፍ ትበላ ጀመር። የተሸከሙት እንጨት አለቀ። ሙናት ምርኩዟን ሰጠች። ጎርፉ የጎራዴውን የእንጨት ሰገባ ሰጠ። ያም ሲያልቅ የአያቱን ጦር አየና ሶማያውን፣ የእንጨት ዘንጉን፣ ከብረቱ ነቀለ።

«ይህን አያቴ ቢያዩ ከመቃብር ይነሡ ነበር፤» አለ።

«ይነሡና ይሙቁ፤» አለች ሙናት እየላጠች።

በሜዳው መጨረሻ፣ ደኑን ትተው የያዙት አቋራጭ የድንጋይ መንገድ በሁለት ዓለቶች መካከል የሚጠብበት በር አለ። እዚያ ሲደርሱ ጎርፉ ቆመ። የአውሬው ትንፋሽ ጀርባቸውን ይገርፍ ነበር።

«ሂዱ፤» አለ። «በዚህች ቢላዋ ስስቅ ከርሜአለሁ፤ ልክ ነበረች። የእኔም ስለት ልክ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። ከዚህ በር ስፋት አይተርፍም፣ አይጎድልም።»

«ጎርፉ፣ ልጄ፣ አብረን እንሩጥ፤» አለች ሙናት።

«የሚጠብቃት እኔ ነኝ፣ እትዬ። እርስዎ ይመግቧት።» ጎራዴውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ነጩ ነፋስ ዞረ። ዳግመኛ ወደ እነሱ አልተመለከተም።

ሁለቱ ቁልቁል ወረዱ። ከኋላቸው የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ቆይቶ ትልቅ በረዶ ሲሰነጠቅ የመሰለ ድምፅ አገሩን አናወጠው። ከዚያ ጸጥ አለ። የሚከተላቸው አውሬ አልነበረም። የሚከተላቸው ጎርፉም አልነበረም።

ፍሟ ግን ገና ትራብ ነበር፤ ቁልቁለቱም ድንጋይ ብቻ ነው። ሙናት ቢላዋዋን አገላብጣ አየች። እጀታዋ ከግራና ከቀኝ በሁለት ደረቅ የወይራ ቁራጭ የታቀፈ፣ በመካከሉ ብረቱ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ነበር። በድንጋይ መትታ ወይራዎቹን አላቀቀች።

«እኔ ልላጠው፣ እማዬ፤ እጄ ሙቅ ነው።»

«እጅሽ ለማሰሮው ነው። አንዴ ብታነሺው ትጠፋለች።»

ሙናት ራቁቱን ብረት ያዘች። በጨርቅ ብትጠቀልለው ስለቱ ዋለለባት፣ ልጣጩም ወፈረ፤ ጨርቁን ጣለችው። ውርጭ ያደረበት ብረት ከቆዳዋ ጋር ተጣበቀ፤ ብርዱ ከእሳት ብሶ አቃጠላት። ወይራውን እንደ ጢም አቅጥና ላጠችው፤ አንድ ልጣጭ ሰጠች፣ እፍ አለች፣ ደግሞ ላጠች። ከቀኝ እጇ ሦስቱ ጣቶች መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥሎ ጠቆሩ፣ በመጨረሻም የእሷ አልመስል አሏት። ወይራው ያለቀው የመጀመሪያው ጣሪያ ሲታይ ነው።

ያ ቤት የእማማ ውዲቱ ነበር፤ የጎርፉ እናት ናቸው። አዜል ደጁ ላይ አመነታች።

«ሕጉ መጀመሪያ ወደ ንጉሡ ምድጃ ይላል፣ እማዬ።»

«ለሕጉ እኔ እመልሳለሁ። ግቢ።»

እማማ ውዲቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱን አዩ፤ ከዚያ ከኋላቸው ያለውን መንገድ አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ሙናት ስለ በሩ፣ ስለ ጎራዴው፣ ስለ ጀግንነቱ የምትናገረውን ቃል መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ መጥታ ነበር። አሁን አንዱም አልመጣላትም።

«እማማ፣» አለች፤ «እኔ ልጄን ይዤ ተመለስኩ።»

«አየሁ፤» አሉ እማማ ውዲቱ።

ወደ ውስጥ ገቡ። ምድጃው ተጠርጎ እንጨት ተደርድሮበት ነበር። አሮጊቷ በጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ስንጥሩ ወፍራም ነው፤ ዓይኔ አያይም፤» አሉ። ሙናት ተንበረከከች፤ ራቁቷን ቢላዋ በግራ እጇ ያዘች። ሥራው ቀርፋፋ ነበር። ማንም አላጣደፋትም። ልጣጩ ሲበቃ አዜል ፍሟን አቀረበች፤ እሳቱ ተያያዘ፣ ከፍ አለ፣ የሦስቱን ሴቶች ፊት አበራ።

ሙናት ካለችበት ሳትነሣ፣ «ከእርስዎ ጋር እንቀመጥ፤» አለች።

«የለም።» እማማ ውዲቱ የጠቆሩትን ጣቶች በነጠላቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠቀለሉላት። «ከታች ቤት ጨቅላ አለ። ሲያስል ነው የሰነበተው። ሂዱ።»

ወጡ። ቁልቁለቱ ላይ ሙናት ዞር ብላ ስታይ ከእማማ ውዲቱ ጣሪያ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ከታች ደግሞ የሚቀጥለው ቤት ሰዎች ጭሱን አይተው በሩን ከፍተዋል፤ አዜል ማሰሮዋን አቅፋ እርምጃዋን አፈጠነች።