ተዋናዩ ያላስመሰለው አወዳደቅ

የመንደሩ ሹም ካፒታን ኢስኮ «ማኖንግ»፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚባለውን የኳስ ሜዳውን ዘበኛ ቴባንን የሰደበው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በክብረ በዓሉ ዋዜማ፣ ሐሙስ ቀን ነው። «አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው በር ይጠብቅ እንጂ ስለ ሜዳ አያውራ» አለው፣ ሕዝብ ፊት። ማን ማን እንደሳቀ ቴባን እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ዘበኛውና ሹሙ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

ዛሬ ግን ካፒታኑ ራሱ አስጠራው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኤልመር ሞቶ፣ ቅርጫቱ ስር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ፎጣ ለብሶ ተጋድሟል። «ተዋናዩ» ነበር የሚሉት፤ ሳይነኩት እየወደቀ ስንቱን አስቀጥቷል። ዛሬም ሲወድቅ ተመልካቹ ሳቀ፣ ዳኛው ኔስቶር ፊሽካ አልነፋም፣ ጨዋታው ሁለት ደቂቃ ሙሉ አጠገቡ ቀጠለ። «ተነስ፣ ሽልማቱን ወስደሃል» ያለው የገዛ ቡድኑ ልጅ ነው።

«ፖሊስ እስኪመጣ ዲንዶን ያዘው» አለ ካፒታኑ፣ ወደ ተጋጣሚው ቡድን ተጫዋች እየጠቆመ። «በክርኑ መትቶ ነው የገደለው።»

«አልነካሁትም፣ ማኖንግ» አለ ዲንዶ። «እኔም እንደ ልማዱ መስሎኝ ዘልዬው ሄድኩ።»

ቴባን ወደ ዳኛው ዞረ። «ሲያስመስል እንዴት ነበር የሚወድቀው?»

«አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፍና መሬቱን በሁለት መዳፉ ጧ ያደርገዋል። እንዲሰማለት።»

«ዛሬስ ጧ አለ?»

ኔስቶር አንገቱን ደፋ። «የሰማሁት ጭንቅላቱን ነው።»

ቴባን ተንበርክኮ የሟቹን መዳፎች አየ። ከዚያ ጫማውን ገልብጦ ከሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የሆነ ነገር በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣ። ሁሉንም ጠራቸው፤ የኤልመር እናት እትዬ ፓሲታም መጡ።

«ትወና አይደለም» አለ። «መዳፉ አቧራ አልነካም። ግፊያም አይደለም። የተገፋ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የዚህ ልጅ እግር ግን ወደ ዲንዶ ነው የተንሸራተተው። ጭረቱ ይኸውና።»

«በምን ተንሸራተተ ታዲያ?» አለ ካፒታኑ።

ቴባን መዳፉን ዘረጋ፤ ገለባው የጠቆረ፣ የተጨፈለቀ ሩዝ።

«እዚህ ሜዳ ላይ ሩዝ የማያሰጣ ማን አለ?» አለ ካፒታኑ።

«በጨዋታ ቀን ማስጣት የከለከልከው አንተ ነህ።» ካፒታኑን አንተ ሲለው የመጀመሪያው ነበር። «ጥቁር ገለባ ያለው ሩዝ የዘራኸውም አንተ ብቻ። ጠዋት አሰጣህ፣ እንግዶች ሲመጡብህ ቸኩለህ አፈስክ፣ ቅርጫቱ ስር ያለውን ሳትጠርግ ሄድክ።»

ካፒታኑ ቅርጫቱ ስር ያለውን ሲሚንቶ ቁልቁል አየ። ዲንዶ ባለበት ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«ቴባን» አሉ እትዬ ፓሲታ ቀስ ብለው፣ «ቸኩሎ ማፈሱን፣ አለመጥረጉን፣ ይሄን ሁሉ ጫማው ነው የነገረህ?»

ቴባን ሩዙን በጣቶቹ ጨበጠ።

«ጠዋት በሩ ላይ አንተ ነበርክ። አይተሃል። ለምን አልጠረግከውም? ለምን አልተናገርክም?»

አይቷል። መጥረጊያው እንኳ ከጀርባው ተደግፎ ነበር። ካፒታኑ ዋንጫ ሊሰጥ ሲገባ ይንሸራተት፣ እስቲ እሱም ይሳቅበት ብሎ ነው የተወው። ሳቁማ ተሳቀ።

ሩዙን፣ ለፖሊስ እንዲያሳየው፣ ዲንዶ እጅ ላይ አኖረው። ሴትየዋ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ማኖንግ ቴባን ኮፍያውን አውልቆ በፎጣው አጠገብ አልፎ ሄደ።