ወይዘሪት ተጠንቀቅ

መጀመሪያ የተገናኙት ደረጃ ላይ ነው። እሱ ሁለት ኮምፒውተር አቅፎ ይወጣል፤ እሷ አዲስ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ስለሆነ ትጣደፋለች። ከክንዱ ሥር የወጣ ገመድ እግሩ መሀል ይጎተታል።

«ተጠንቀቅ!» ብላ ጮኸች፤ ፎቁ በሙሉ ሰማት።

ረጅሙ መሐንዲስ ቆም ብሎ ገመዱን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። እሷን ሲያይ ግን ቆየት አለ። «ተርፌያለሁ» አለና ፈገግ ብሎ አለፈ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቢሮው «ወይዘሪት ተጠንቀቅ» አላት። እሱ ደግሞ ቃል ከአፉ በመከራ ስለሚወጣ ድሮም «ቁጥቡ» ነበር።

ቡድናቸው የአንድ ሆስፒታልን ኔትወርክ በኮምፒውተር ሰርጎ ከሚገባ ሌባ የሚጠብቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጃል። «ዘበኛው» ይሉታል። ዘበኛው የራሱ ዓይንም እጅም የለውም፤ የሚሠራው ቁጥቡ ባበጀለት መሣሪያዎች ነው። አንዱ የተጠረጠረ ኮምፒውተርን ይከታተላል፤ ሌላው ከኔትወርኩ ይቆርጣል። የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ የሚያውቀው አብሮ የተጻፈለትን መግለጫ አንብቦ ነው። መግለጫውን መጻፍ የእሷ ሥራ ሆነ።

ቁጥቡ በመቁረጫው ላይ የጻፈው «ኮምፒውተር ይቆርጣል» የሚል ብቻ ነበር። እሷ ስታነበው አደጋው ብቻ ታያት። የክፉ ክፉውን ሲያስቡ በሚያድሩ እናት እጅ ያደገች ልጅ ናት። ሰርዛው ገጽ ሙሉ «እንዳትቆርጥ» ጻፈችበት።

በሙከራው ቀን የሆስፒታሉ የቴክኒክ ኃላፊ እያየች ለልምምድ የተሠራ ሌባ ተለቀቀ። ዘበኛው መግለጫውን አነበበና «ይፈቀድልኝ?» አለ። ተፈቀደለት። «እርግጠኛ ናችሁ?» አለ። እሱ ሲጠይቅ ሌባው ከክፍል ክፍል አዳረሰ።

ኃላፊዋ ቦርሳዋን አነሳች። «ፈሪ ለእናቱ ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም። አንድ ዕድል አላችሁ።»

አለቃቸው ቁርጡን ነገራቸው፦ ሁለተኛው ሙከራ ካልተሳካ ቡድኑ ይበተናል፤ ቁጥቡም ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ይዛወራል። ልቧ የት እንደተቀመጠ ያወቀችው ያኔ ነው።

ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይተው ተነሱ።

«አባረሩሽ?»

«ኧረ አላባረሩኝም፣ እማዬ።»

«አመመሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ወይኔ! እንግዲያው ሰው ወደሻል!»

በማግስቱ ወቀሳ ጠብቃ ገባች። ቁጥቡ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ማድረግ እንደሌለበት ነግረሽዋል» አለ። «መቼ ማድረግ እንዳለበትስ?»

«አንተስ ምኑን ነገርከው? የጨቅላ ሕፃናቱን ማሽን ቢቆርጠውስ?»

ቁጥቡ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል «እሱን አላሰብኩትም» አላት።

አብረው ጻፉ። እሷ ስትጨምር እሱ ሲቀንስ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲኮራረፉ ዋሉ። በመጨረሻ እንዲህ ወጣላቸው፦

«አንድን ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ይቆርጣል። ሌባ እንደገባበት በመከታተያው ሲረጋገጥ ፈቃድ ሳትጠብቅ ተጠቀምበት። ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ በመከታተያው አጣራ። ከታማሚ ጋር የተያያዘ ማሽን ከሆነ አትቁረጥ፤ ተረኛውን ሰው ጥራ።»

በሁለተኛው ሙከራ ሌባው በሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ገባ። ዘበኛው አጣራ፤ ቆረጠው። ሌባው በሌላ በኩል ዞሮ የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ማሽን ላይ ብቅ አለ። ዘበኛው ግን መቁረጫውን ሳይነካ ተረኛውን ጠራ፦ «ማሽኑ ከታማሚ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ይወስን።»

ኃላፊዋ ብድግ አለች። «ይህን ማን ሠራው?»

«መሣሪያውን እኔ ሠራሁት» አለ ቁጥቡ። «ግን ሕፃን እጅ ላይ እንደተተወ ቢላዋ ነበር። ለዘበኛው ልብ የሰጠችው እሷ ናት። ከእሷ ጋር በመሥራቴ እኮራለሁ።»

«ጉድ ነው፣ ቁጥቡ ተናገረ!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እሷ አንገቷን ልትደፋ አለችና ተወችው፤ ቀና ብላ ቆመች።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብሎ ጠየቃት፤ «እንግዲህ አልዛወርም። ደስ አለሽ?»

«በጣም ደስ ብሎኛል። አጠገቤ እንድትሆን እፈልጋለሁ።»

እንደ ልማዷ ማስጠንቀቂያ እስክታስከትል ጠበቀ። እሷ ፈገግ አለች።

«‹ግን› የለውም?»

«የለውም።»

እጇን ያዘ።

እሁድ ይዛው ቤት ሄደች። እናቷ ገና ከበሩ ጀመሩ፤ «ከስተሃል ልጄ፣ ሐኪም አይቶሃል? በምን መጣህ? በእግርህ? ያ ሁሉ መኪና በሚርመሰመስበት!» እሱ ግን ልጇ የሠራችውን አንድ በአንድ ሲያጫውታቸው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እነዚያ ጨቅላዎች በእሷ ቃል ነው የሚጠበቁት?»

«አዎ፣ በእሷ ቃል ነው፣ እማማ።»

እናት እንደ ልማዳቸው የሚፈሩትን ነገር ፈለጉ፤ አጡ። በኩራት አንገታቸው ቀና አለ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። «እንደ እሷ ያለች ልጅ ከየት ልታገኝ ነው? ልጄን ለትዳር ጠይቀኝ እንጂ!»