ዶዘሩን ማን አቆመው?

የዶዘሩ ባትሪ ተሰርቋል።

መጀመሪያ ማንም አልጠረጠረም። ኦፕሬተሩ ስለታመመ ነው የቆመው ተባለ። ተተኪው መጥቶ ቁልፉን ቢያዞር ዶዘሩ ዝም። ክዳኑን ሲከፍተው ባትሪው የለም።

ከተማዋ ከቆሻሻ መጣያው ጋር ተቻችላ የምትኖረው በዚያ ዶዘር ነበር። የተራገፈውን ይደፈጥጣል፣ አፈር ያለብሰዋል፣ ሰውም መስኮቱን ከፍቶ ይውላል። አሁን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ከገመድ ይነሳል። ትምህርት ቤቱም ልጆቹን ለእረፍት ከክፍል ማስወጣት ትቷል።

ስርቆቱን እንድታጣራ የተላከችው መርማሪ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ወደ መጣያው ስታቀና ዳቦ ጋጋሪው ከሱቁ በር ላይ አስቆማት።

«ይሄ ምን ያስመረምራል? ቆሻሻ ለቃሚዎቹ ናቸው። ቆሻሻው አፈር ከለበሰ ምን ይለቅማሉ?»

«ሲወስዱ አይተዋል?»

«ማየት አያስፈልገኝም።»

«እኔን ግን ያስፈልገኛል» ብላው አለፈች።

ጋጋሪውም ቢሆን መጣያው ይዘጋ ባይ ነው። ሽታው ሲብስ አቤቱታው ሰሚ ያገኛል። ግን ከሰሞኑ ደንበኛ ሸሽቶት ዳቦው ከመደርደሪያ አልወርድ ብሏል። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ አይሠራም ብላ እሱን መጠርጠሩን ተወች።

የለቃሚዎቹ አለቃ ጠና ያለች ሴት ናት። «እሜቴ» ይሏታል። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጠርሙስ ትለያለች።

«እናንተ ወሰዳችሁት ይባላል» አለቻት መርማሪዋ።

«ሰው ጫማው ሲጠፋበትም እኛን ነው የሚለው።»

«ዶዘሩ ሲቆም ግን ትጠቀማላችሁ።»

«የኔ ልጅ፣ ሽታው ሲብስ ከተማው መጣያው ይዘጋ ይላል። የገዛ ጉሮሯችንን እኛው እንዝጋ?»

መርማሪዋ ዶዘሩ ላይ ወጥታ የባትሪውን ቦታ አየች። ሌባ ሽቦ ቆርጦ ይሮጣል። ይሄኛው ብሎኖቹን በመፍቻ ፈትቶ፣ መልሶ በየቦታቸው አጥብቋቸዋል። የሽቦዎቹን ጫፍ አቧራ እንዳይነካቸው በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሏል።

ይህን ያደረገ ሰው ዶዘሩን ይወደዋል።

በቀጥታ ወደ ኦፕሬተሩ ቤት ሄደች። አልጋው ጠርዝ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«እህል አልቀመሰም» አለች ሚስቱ። «ማለዳ ማለዳ ይወጣል፣ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። ብጠይቀው አይነግረኝም።»

መርማሪዋ መዳፉን አየች። ውሃ ቋጥሯል።

«ወንድሜ፣ ምን ስትቆፍር ነበር?»

እጆቹን ከጉልበቱ ስር ደበቀ። «ባትሪው እዚህ አልጋው ስር ነው።»

«ለምን?»

«እጅ አየሁ። የመጨረሻውን ክምር ስገፋ የሰው እጅ ብቅ አለ። ፍሬን እስክይዝ ክምሩ ዋጠው። ወርጄ ፈለግኩ፤ የለም። ከለቃሚዎቹ አንዱን ገድያለሁ። እኔ ብቀርም ሌላው ዶዘሩን አስነስቶ በላዩ ላይ ሊሄድበት ነው ብዬ ባትሪውን ፈታሁት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ከአፌ ከወጣ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

መርማሪዋ ኦፕሬተሩን ይዛ ወደ መጣያው ተመለሰች። እሜቴ ነገሩን ስትሰማ ሰዎቿን አንድ በአንድ ጠራች። አንዱ አልመለሰም።

«ቀጮ የለም» አለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከሰሞኑ ያየው አለ?»

ማንም አላየውም። አንዲት ሴት ወደ ቤቱ ሮጠች። የቀሩት ጆንያቸውን ጥለው በአካፋም በእጅም መቆፈር ጀመሩ። መርማሪዋም ሻርፑን አውልቃ ገባች።

እጁን ያገኘው ኦፕሬተሩ ራሱ ነው። አምስቱ ጣቶች ከጭቃው ወጥተው ታዩት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሳበ።

ክንዱ ቀላል ነበር። ፕላስቲክ ነው፤ ከልብስ መሸጫ የተጣለ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ክንድ፣ ጥፍሩ ቀይ የተቀባ።

የሮጠችውም ሴት እያለከለከች ደረሰች። «ቀጮ ጥርሱን አሞት ተኝቷል። ፊቱ እንዲህ አብጧል።»

አንዱ መሳቅ ጀመረ። ኦፕሬተሩ ክንዱን አቅፎ ሲንሰቀሰቅ አይቶ ተወው።

መርማሪዋ እስኪረጋጋ ጠበቀችው።

«ባትሪውን መደበቅህ ወንጀል ነው፤ እጽፈዋለሁ። ለምን እንደደበቅከውም እጽፋለሁ።»

«ይጻፉት» አላት።

«እኔም ቃል አለኝ» አለች እሜቴ። «ዛሬ ሐሰት ሆነ። ነገ ግን እውነት ሊሆን ይችላል። ከእንግዲህ ሰዎቼን አውርጄ ምልክት ሳልሰጥህ ያ ብረት ንቅንቅ እንዳይል።»

አመሻሹ ላይ ኦፕሬተሩ ባትሪውን አስሮ ወንበሩ ላይ ወጣ። ቁልፉን ይዞ ጠበቀ። እሜቴ ሰዎቿን ከክምሩ አወረደች፣ ዙሪያውን ቃኘች፣ ከዚያ ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች።

ሞተሩን ያኔ አስነሳው።