ከሥራ ያልቀረው ሟች

አዳሙ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ከሥራ አልቀረም። ሥረ-ምድር በምትባለው፣ ከስምጥ ሸለቆው በታች ከሚፈላው እንፋሎት መብራት በምታመነጨው ከተማ፣ ይህ ማንንም አላስደነቀም። ለምዱ ይገባል፣ ለምዱ ይወጣል። ለምድ ሙቀት የማይበግረው የሥራ ልብስ ነው። የለበሰውን ሰው እጅ እያየ ሙያውን ይማራል፤ ሰውየው ሲደክመው ደግሞ ባዶውን ቆሞ ይሠራለታል።

የደነቃት፣ ደንቋትም ያናደዳት፣ ሚስቱ ትርሲት ብቻ ነበረች።

"ባለቤትዎ ዛሬም ሥራ ገብተዋል" አለቻት ዳኚት በትሕትና። ዳኚት በሥራ ላይ ለሞተ ሰው ቤተሰብ ካሣ የምትወስን ማሽን ናት፤ ድምፅ እንጂ ፊት የላትም።

"ቀብሬዋለሁ እኮ! ከተማው ሁሉ አልቅሶለታል!"

"መሞታቸውን አልካድኩም። ሥራ ላይ መሞታቸውን የሚመሰክረው ግን ለምዳቸው ነው። እሱ ሥራውን ካላቆመ ምስክርነቱን መስማት አልችልም። የሥራ ውላቸው ደግሞ በጳጉሜ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎን አልቀበልም።"

ጳጉሜ ደርሷል። የትርሲት ልጅ ማሬ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ካሣው ከተፈቀደ እስክታድግ ድረስ ቤትም ትምህርትም አላት፤ ካልተፈቀደ እናትና ልጅ የሠራተኛውን ቤት ለቀው ይወጣሉ። ለመሆኑ የሞተ ሰው ሥራ የሚልክ ማን ነው? ትርሲት እየተብሰከሰከች ወደ እንፋሎቱ ጉድጓድ ወረደች።

የፈረቃው አለቃ ጋሽ ዋሲሁን ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ። አዳሙን ሥራ ያስተማረው እሱ ነው።

"እኛ ነን የላክነው" አለ፣ ገና ሳትጠይቀው። "ለምዱ ከቆመ ደሞዙ ይቆማል። ከቀብር ስንመለስ ተማከርንና፣ እስኪ ትንሽ እንኳ አይቋረጥባት አልን።"

"ጋሽዬ፣ ካሣውን እኮ ዘጋችሁብኝ!"

ዳኚት ያለቻትን ነገረችው። ቅንድቧን እናሳምር ብለው ዓይኗን አጠፉት ማለት ይሄ ነው። ሽማግሌው ግንባሩን ያዘ።

"በሉ አስቁሙልኛ።"

ዋሲሁን ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። ይንቀጠቀጣሉ።

"ለአንቺ ብለን ጀመርነው፣ ውሎ አድሮ ለእኔም ሆነ። እጄ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ፈረቃዬን ይሸፍንልኝ የነበረው አዳሙ ነው። የጉድጓዱ መርዘኛ ጋዝ አፍኖ የገደለውም በእኔ ፈረቃ ሲሠራ ነው። ለምዱ አሁንም ከእሱ ፈረቃ ሌላ የእኔንም ይሠራል። ከቆመ እኔን ያባርሩኛል፤ እሱስ ይሁን። 'ፈረቃው የእሱ አልነበረም' ብለው አንቺንም ቢከለክሉሽስ?"

ትርሲት በጥፊ ልትለው ዳዳት። ባሏ በሰው ፈረቃ መሞቱን ገና አሁን መስማቷ ነው። ብትናደድም አልገረማት፤ አዳሙ ይህንኑ የሚያደርግ ሰው ነበር።

ለምዱ ከወዲያ ጥግ ይሠራል። ቧንቧውን ከመክፈቱ በፊት በጣቱ መገጣጠሚያ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው፣ የሰው ቤት እንደሚያንኳኳ እንግዳ። ይህ የአዳሙ አመል ነው። ትርሲት ቀኑን ሙሉ ቆማ ብታየው ደስታዋ ነበር። ግን ማሬ አለች።

"አዳሜ፣ በቃህ" አለችና ደረቱ ላይ ያለውን ማቆሚያ ሳበችው። ለምዱ እጁን እንደዘረጋ ቀጥ አለ።

ትርሲት ለምዱን ወደ ዳኚት ወሰደችው። ዳኚት ምስክርነቱን ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀች። "ፈረቃው የእርሳቸው አልነበረም። ያዘዛቸውም የለም። ለምን ገቡ?"

"የእኔ ነበር" አለ ዋሲሁን፣ ከትርሲት ኋላ ቆሞ። ና ያለው አልነበረም። "እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው የገባልኝ። ወንፈል በይው። ገበሬ የጎረቤቱን ማሳ ያርሳል፣ ጎረቤቱም በተራው ያርስለታል። እኔ ለአዳሙ የምመልስበት ጉልበት የለኝም። እውነቱን ልናገርለት ነው የመጣሁ።"

"ወንፈል ሕጉ ላይ የለም። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ መሆኑን ለማወቅ የጉድጓዱን ለምዶች ሁሉ እመረምራለሁ።"

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ዋሲሁን ላቡን ጠረገ።

"የራሱን ፈረቃ ብቻ የሠራ አንድም ሰው አላገኘሁም" አለች ዳኚት ምርመራዋን ጨርሳ። "አንዱ ሚስቱ ስትወልድ ሌላው ገብቶለታል፤ የገባለት ሲታመም ደግሞ ሦስተኛው። አቶ አዳሙ ሲሞሸሩ ሳምንቱን ሙሉ የገቡላቸው እርስዎ ነዎት፣ አቶ ዋሲሁን።"

ሽማግሌው ረስቶት ነበር።

"ስለዚህ የቱ ፈረቃ የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አንድ ሰው ነጥዬ መቅጣትም አልችልም። አቶ አዳሙ ሥራ ላይ ሞተዋል። ካሣው ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ተፈቅዷል።"

ትርሲት ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። በቀብሩ ዕለት አገር ምድሩ ሲያለቅስ እሷ ደርቃ ነው የዋለችው። አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋን ሳትጠርግ አለቀሰችው። ጋሽ ዋሲሁንም በሚንቀጠቀጠው እጁ ትከሻዋን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

የዳኚት የሥራ ሰዓት አልቆ ነበር። መብራቱን ግን አላጠፋችም።